ነጭ ለብሶ ጥቁር መጠጣት

የኛ አገር ሰው ዓመቱን ሙሉ ያገኘውን ለብሶ ይከርምና ጥቁር ነገር ሊጠጣ ሲል ነጩን ከሣጥን ያወጣል። በአዘቦት ቀን ሴቱ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ወንዱ ሽርጥ ነው። ሽርጥ መቼም ሆደ ሰፊ ልብስ ነው፤ ሻይ ቢፈስበት፣ ወጥ ቢንጠባጠብበት ከመስመሩ ጋር አስማምቶ ያሳድረዋል። ጥምቀት ሲደርስ፣ መውሊድ ሲመጣ፣ ሠርግ ሲጠራ፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ተወጥቶ ሲወረድ ግን አገሩ ከራስ እስከ እግር ነጭ ይሆናል። ነጭ በነጭ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ምን ይቀርብለታል? ቡና፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ ቃሪቦ፣ ደህና ቤት ከሆነ ደግሞ ጉደር ወይን። አረቄስ ነጭ አይደለም ወይ እንዳትሉኝ፤ አረቄ የቀመሰ ሰው ነው ቡናውን የሚደፋው። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሳሙና ነጋዴ ነው እንዳይባል ልማዱ ከሳሙናም ይቀድማል።

የኛዋ ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱን ይዞ የቀጠለ ሰው አምባሰልን፣ ውጫሌን ያገኛል። በዚህ ሁሉ መንገድ ቡና የማይፈላበት ቤት ካያችሁ ባለቤቶቹ ለቅሶ ሄደዋል ማለት ነው፤ እዚያም ሆነው ቡና እየጠጡ ነው። አንዷ አክስት ግሸንን ተሳልማ፣ ሌላዋ አክስት ዱዓ አድርጋ፣ ሁለቱም አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ። እጣኑ ይጨሳል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ማሪቱ ለገሰ ከቴፑ ውስጥ በአምባሰል ቅኝት ስትነሳ ትከሻ ማንንም ሳያስፈቅድ ይነቃነቃል። ትከሻ ሲነቃነቅ ደግሞ ሲኒ ዝም አይልም።

ነጠላውን እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ቀጭንና ጠንካራ። ማጉ ግን፣ ደህና የፈትል ነጠላ ከሆነ፣ የእጅ ሥራ ነው፤ ጥጡ በመዳመጫ ተፈልቅቆ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት የወረደ። የእጅ ፈትል ላላ ተደርጎ ስለሚከርር ለገላ ይለሰልሳል፤ ልስላሴውም መከራውም ከዚያው ነው። በላላው ክር ውስጥ ያለው ክፍተት ፈሳሽ ሲያገኝ ይስባል። የቡና ጠብታ መጀመሪያ ስትወድቅ የአተር ክክ ታህላለች። ዓይን እያያት በማጉ በኩል ግራና ቀኝ ትሮጣለች፤ በድሩ በኩል ግን ዝግ ትላለች። ስትረጋ ሞላላ ሆና፣ ዳርዳሯ ከመሀሏ ጠቁሮ ትገኛለች። ነጠላ ድርብ ነውና የላይኛው ጠጥቶ ሲጠግብ ለታችኛው ያቀብላል። ጋቢ ከሆነማ አራት ድርብ ነው፤ ቡናው አራት ቤት ይዞራል።

ጠብታዋ ስትወድቅ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ «ሲሳይ ነው!» የሚል ነው። ቡና የፈሰሰበት ሰው ሲሳይ ይገባለታል ይባላል። በበኩሌ ሲሳዩ ሲገባ ያየሁት ለሳሙና ሻጮች ነው።

ከሲሳዩ ቀጥሎ ጉባኤው ይከፈታል። ነገሩን ላሳጥረውና፣ ነጠላን የሚያበላሸው ቡና አይደለም፤ አማካሪ ነው። ቡናውማ ገና ላይ ላዩን ነው፤ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያገኝ አብዛኛው ወዲያው ተነስቶ ይሄዳል። ግን በዚያች ደቂቃ ነጠላው የአንድ ሰው ንብረት መሆኑ ቀርቶ የመንደር ጉዳይ ሆኗል።

«ሙቅ ውሃ አምጡ! ከማንቆርቆሪያው!» ትላለች አንዷ።

«ኧረ ጨው ነው! ጨው ነስንሱበት!»

«ምን ጨው ትያለሽ፣ ሎሚ እያለ!»

«በአጃክስ ፈተግ ፈተግ አድርጊው እንጂ፣ ምን ታቅማሚያለሽ!»

በሩ ሥር የተቀመጡት አዛውንት የሚያሳስባቸው ቶናው መዘግየቱ ብቻ ስለሆነ፣ «ተዉት፣ ሲደርቅ ይረግፋል» ይላሉ። ጭቃ መስሏቸዋል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣው የእህት ልጅ አምቦ ውሃ እንዲገዛ ያዛል። አምቦ ውሃ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ጋዙ ሳይሆን ውሃው ነው፤ ለዚያ ለዚያ ከጆጉ መቅዳት ይረክሳል። ባለ ነጠላዋ በዚህ መሀል ከማንም ጋር መቀያየም አትችልም። የአንዷን ምክር ትታ የሌላዋን የተቀበለች እንደሆነ ቅያሜው ከጠብታዋ ይቆያል። ስለዚህ ሁሉም በየተራ ይፈጸማል፤ ጨው ይነሰነሳል፣ በጨው ላይ ሎሚ ይጨመቃል፣ በሎሚው ላይ ሙቅ ውሃ ይፈሳል፣ በዚያ ሁሉ ላይ ሳሙና ይፈተጋል። ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነው የሚቀረው።

በክርክር በኩል እኛ እንግዳ አይደለንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በ17ኛ አንቀጹ የተነሳ አገርን ከአገር አጣልቶ ዓድዋ ድረስ አድርሷል። የዓድዋ ጦርነት ግን በአንድ ቀን ተለየ፤ «ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?» የሚለው የቡና ጠብታ ክርክር ዛሬም ድረስ አሸናፊ የለውም።

መልሱን የምታውቀው እዚያው ጥግ ላይ ዝም ብላ ቆሎ የምታዞረው ልጅ ናት። ጅዳ ቆይታ የተመለሰች ናት። ስንቷ የሐይቅና የአምባሰል ልጅ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ መጥታለች፤ ይዛ የመጣችውን ወርቅና ብርድ ልብስ ሁሉም ያየዋል፣ ይዛ የመጣችውን እውቀት ግን የሚጠይቃት የለም። ጅዳ ወንዱ ሁሉ ነጭ ቶብ ለባሽ፣ ሁሉም ቡናና ሻይ ጠጪ ነው። ቶቡ ላይ አንዲት ነጥብ ብትገኝ የምትጠራው ልጅቷ ናት። ስለዚህ ሳቲንን ከሐር፣ ክሬፕን ከሽፎን በጣቷ ዳሳ ትለያለች፤ የቱ በውሃ እንደሚኮማተር፣ የቱ ካውያ እንደማይችል በገዛ ደመወዟ እየተቀጣች ተምራዋለች። ደሴ ላይ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ቢኖር የመጀመሪያዋ ተመራቂ እሷ ነበረች። ግን ልጅ ናት፤ በዚያ ላይ ትልልቆቹ እያወሩ ነው።

ባለ ነጠላዋ አክስቴ ክንዷ ድረስ አረፋ ሆና ሲደክማት ዞር አለችና፣ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

«እትዬ፣ ወላሂ መጀመሪያ እጅዎን ያንሱለት» አለች ልጅቷ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ነጠላውን ወደ መስኮቱ ወስዳ ገለበጠችው። ከሥሩ አሮጌ ነጭ ካኔቴራ አጥፋ አነጠፈች፤ ጠብታዋ በግንባሯ ካኔቴራው ላይ ተደፋች። ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ከጆጉ ቀጠን አድርጋ አወረደችበት። ውሃው ቡናውን በገባበት በር መልሶ ያስወጣዋል እንጂ ወደ ውስጥ አይነዳውም፤ ካኔቴራው ላይ ቡናማ ቀለም ብቅ ሲል ዓይናችን አየው። ካኔቴራውን ወደ ንጹሕ ቦታው አዞረችና ደገመች፣ እንደገና አዞረችና ደገመች። አንዴም አላሸችውም። ከዳር ወደ መሀል በጣቷ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ብቻ። «ካሹት እኮ ማጉ ይነቃል፣ ጸጉር ያወጣል፣ ቡናው ቢለቅ እንኳ ቦታው ያስታውቃል» አለች። ከዚያ በሾርባ ማንኪያ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ሎሚ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችበት፤ ጥቂት ቆይታ በደንብ አለቀለቀችው። ሎሚው ከጥጥ ላይ ካልለቀቀ እሱም በተራው ቢጫ ያደርገዋልና ማለቅለቁን አትዝለሉት። የቀረው ቢጫማ ጥላ ነበር። «ይሄን ፀሐይ ይጨርሰው» ብላ ሣሩ ላይ አሰጣችው፤ ወደ ቆሎዋም ተመለሰች። አንዷ ጎረቤታችን ቀስ ብላ፣ «እኔም ቀዝቃዛ ልል ነበር» አለች።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያሻም፤ ሻይ ቤት መቀመጥ ይበቃል። ጥቁር ሻይ ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ብርጭቆው ውስጥ ዓይናችሁ እያየ ይገረጣል። ሶዳ ብትነሰንሱበት ደግሞ ይጠቁራል። በሻይም በቡናም ውስጥ ያሉት ታኒንና መሰሎቹ ጠባያቸው እንዲህ ነው፤ ኮምጣጣ ያገረጣቸዋል፣ ሶዳ ያጠቁራቸዋል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ሶዳ ያለበት ነው፤ ስለዚህ ትኩስ የቡና ጠብታ ላይ መጀመሪያ እሱን የፈተገ ሰው ያስለቀቀ እየመሰለው ያጣብቀዋል። ሙቀቱም የዚያው ተባባሪ ነው። ይህ ሁሉ የዛገ ባልዲ ውስጥ ከተደረገማ እጥበቱ ቀርቶ የጽሕፈት ሥራ ይጀመራል፤ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይወጣል፣ ፈረንጆች ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፋቸውን የጻፉት በዚህ ነው።

የኛዎቹ ቁም ጸሐፊዎች መንገድ ሌላ ነው። ጥላሸቱን ከተቆላ እህል ጋር አዋሕደው ለወራት እያሹ፣ እያብላሉ ነው ጥቁሩን ቀለም የሚያወጡት። ሐይቁ ዳር ባለው በእስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ ይነበባል። ሰባት መቶ ዓመት የሚያልፍ ቀለም ማግኘት ያን ያህል ድካም ሲጠይቅ የኛ ቤት እንግዳ ግን በአንድ የእጅ ስሕተት ይደርስበታል። ገዳሙ ሴት አይገባበትምና ልብሱን የሚያጥቡት መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው። የመናኝ ልብስ ቢጫ የሚሆንበትን ምክንያት ሊቃውንቱ በምሥጢር ይተረጉሙታል። በትርጓሜው ውስጥ አልገባም፤ ቢጫ ጠብታ እንደማያሳይ ግን ይታወቅልኝ።

ዓድዋን አንስቶ እንዶድን መዝለል ደግሞ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የምታዛምተው ያቺው ቀንድ አውጣ ናት። ከዚያ በኋላ እንዶድ የዓለም ላቦራቶሪ እንግዳ ሆነ፤ እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እናቶቻችን ግን ከቀንድ አውጣ ጋር ጠብ አልነበራቸውም፤ ሸማ ሊያነጹ ነው የወረዱት። የእንዶድ አረፋ እንደ ሳሙና ሶዳ የለበትም፤ ጥጡን ሳይቆጣ ያነጻዋል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ የሚወቅጠው ሰው አስነጥሶ አስነጥሶ ይሞታል፣ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲመታ አረፋው ሳፋውን ይሞላዋል። ሐይቁ ዳር ወስዳችሁ ግን አትሞክሩት። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ለዓሣም መርዝ ነው፤ ሐይቃችን ደግሞ የሚፈስ መውጫ የለውም፣ የገባው ሁሉ እዚያው ይከርማል። ቆሮሶ አጥማጆቹ ስለ ነጠላችሁ ደንታ የላቸውም።

ከሁሉ ተንኮለኛው ጠጅ ነው። ቡና ቢያንስ ፊት ለፊት ነው፤ ፈሰሰ፣ ታየ፣ ተጮኸ። ጠጅ ሲፈስ ግን ቦታው ትንሽ ይረጥብና ይደርቃል፣ ከዚያ የለም። ልብሱ ታጥፎ ሣጥን ይገባል። ለሚቀጥለው በዓል ወጥቶ ካውያ ሲያርፍበት ከየት መጣ የማይባል ቢጫ የአገር ካርታ ይዘረጋል። ስኳር ነው። የማሩ ስኳር ክሩ ውስጥ ደርቆ ይቀመጥና ጊዜና ሙቀት ሲያገኝ ይቃጠላል፣ ይቀላል። ለስላሳ መጠጥም ያው ነው፤ ውሃ የሚመስለው ስፕራይት ሳይቀር። አንድ የምናውቀው ሰው «እኔ እኮ ከሠርጉ በጊዜ ነው የወጣሁ፣ ጠጅ ቤት ደጅ አላለፍኩም» ብሎ ሚስቱን አሳምኖ ነበር። በሳምንቱ ሚስትየው ኩታውን ስትተኩስ ካውያው ሁሉንም ዘረገፈው፤ ስንት ብርሌ እንደሆነ ሳይቀር ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ተቆጠረ።

ለጠጅ እንግዲህ ፍርዱ ይለያል። ስኳር በውሃ ይሟሟልና ለብ ባለ ውሃ፣ በዚያው ቀን፣ ቢታይም ባይታይም ማለቅለቅ ነው። ዋናው ነገር ካውያ ከውሃ እንዳይቀድም ነው። ማኪያቶ ከሆነ ደግሞ ወተት አለበት፤ ሙቅ ውሃ ወተቱን ክሩ ላይ ያረጋዋል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ይለቅለቅና ቅባቱን ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ያንሳው። ጠላ ብዙ አያስቸግርም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል፤ የሚያስቸግረው ሽታው ነው፣ እሱንም ንፋስ ይወስደዋል። የልጆች ሚሪንዳ ግን የተቀባ ቀለም ያለበት ነውና በዓል ቀን ልጆችን ውሃ ማጠጣት ይሻላል፤ ሲያለቅሱም ነጭ ነው የሚያለቅሱት።

ወይን ሁልጊዜ የሚፈሰው ቬሎ ላይ ነው። ቬሎው የኪራይ ነው፣ ከደሴ የመጣ ነው፣ መያዣ ገንዘብ ተይዞበታል። ወይኑ ሲፈስ ከሙሽራዋ ይልቅ የሚጮኸው መያዣውን የከፈለው ሚዜ ነው። ግን የኪራይ ቬሎ አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር እንደ ጥጥ ፈሳሽ አይጠጣም፣ ወይኑ ላዩ ላይ ኩልል ብሎ ይቆያል። ፈጠን ብሎ በደረቅ መሐረብ ነካ ነካ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ እርጥብ አድርጎ ነካ ነካ ያደረገ ሰው መያዣውን ያስመልሳል። የሚያሳዝነው ሙሽሪትን ለማቀፍ የተጠጉት እናት ናቸው። ጉደሩ የደረሰው የእጅ ፈትል ቀሚሳቸው ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ጠጥቶታል፤ ሰው ሁሉ ግን ቬሎውን ይጠርጋል። ለእሳቸው ጨው ይነስነስላቸው፤ ጨው እርጥበቱን ሳብ ያደርግለታል እንጂ ቀለሙን አይነቅልም፣ ቤት እስኪደረስ ግን ጊዜ ይገዛል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ። ያም ካልበቃ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 በመቶው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነጩ ጥጥ ላይ ይሠራል፤ ቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ ተሞክሮ፣ ጥለቱን ሳይነካ።

ጥለቱን ሳይነካ ያልኩት በዋዛ አይደለም። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ሳፋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጥለቱ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይጫን። ጨርቁ ከቀላ ጥለቱ ቀለም ይለቃል፤ ዘፍዝፎ ማሳደር የሚባለው ነገር ይቅር። አንዲት የቡና ጠብታ ለማስለቀቅ ተዘፍዝፎ አድሮ ጠዋት ሮዝ ሆኖ የተገኘ ነጠላ አውቃለሁ። ባለቤቷ ሮዝ ነው የገዛሁት ብላ ጸናች።

በረኪና የሚያነሳ ሰው ደግሞ መስኮቱን ቀድሞ ይክፈት። ቡናውን ያጠፋዋል፤ ጥለቱንም ያጠፋዋል፣ እየተደጋገመ ሲሄድ ማጉንም ይበላዋል፤ ሐርና ሱፍማ ጨርሶ አይችሉትም። ከሁሉ የከፋው ግን ያ የጉባኤው ልማድ ነው፤ የአንዷን ሎሚ በሌላዋ በረኪና ላይ መጨመር። ሎሚም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ደረት ያቃጥላል፣ ሰው ይጥላል። ስለ ጠብታ ተሰብስቦ ሆስፒታል የገባ ቤተሰብ «ሲሳይ ነው» አይባልም።

ደሴ ወስደው ለላውንደሪ የሚሰጡም አሉ። ደረሰኙን ገልብጣችሁ አንብቡት። ቀለም ቢለቅ፣ ቢኮማተር፣ ቁልፉ ቢረግፍ፣ ጥለቱ ቢሸበሸብ ኃላፊነቱ የባለንብረቱ ነው፤ የእነሱ ኃላፊነት ሒሳቡን መቀበል ነው። ነጠላዋ ከነጠብታዋ ተተኩሳ፣ ላስቲክ ለብሳ ትመለሳለች። ከመተኮሷ በፊት ትለቅ የነበረችው ጠብታ አሁን ቋሚ ነዋሪ ናት።

አልለቅም ያለች ጠብታ ስትቀር ሰው ወደ መደበቅ ይሄዳል። አንዷ ጎረቤታችን እንዲህ አደረገች። ጠብታዋ ከታችኛው ጥለት ከፍ ብላ ነበርና ነጠላዋን ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አወጣችው፣ ጠብታዋ እጥፋቱ ውስጥ ገባች፤ ገበያም ወጣች። ጥለቱ ወደ ላይ የወጣ ነጠላ መቼም የሐዘን ነው፤ እሷ ግን ያን ዕለት የምታስበው ስለ ጠብታዋ ብቻ ነበር።

«ማን ሞተብሽ?» አለቻት ሽንኩርት ሻጯ።

«ኧረ ማንም፤ ደህና ነን።»

«እንዲያ ነው፣ ጠንከር በይ።»

በርበሬ ተራ ያገኘቻት ሌላዋ ሳትጠይቅ እጇን ጨብጣ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። አንድ ደላላ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። እሷ ከገበያ ስትመለስ መንደሩ ተማክሮ ጨርሷል፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ሳይሆን አይቀርም፣ ጭምጭምታውን ሰምታለች፣ ግን በወጉ አልተረዳችም። የኛ ሰው ደግሞ ዘመዱን በወሬ አያረዳም። ጎህ ሲቀድ አንድ ቄስና አንድ ሼህ፣ ከኋላቸው ጎረቤት አስከትለው፣ በሯን አንኳኩ።

በንጋት ደጁ ላይ ሽማግሌ የቆመበት ሰው ምን ያስባል? ከፍታ አየቻቸውና «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። እሷ ስትጮኽ የመጡት ሰዎች ያላረጋገጡት ነገር ተረጋገጠላቸው። ለቅሶው ደራ፣ የእድር ጡሩንባ ነፊው ጫማውን እያጠለቀ ወጣ፣ ለድንኳኑ ወጣቶች ተላኩ። በዚህ መሀል ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው፤ የላከው ዘይት ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ።

እንግዲህ የመጣ እንግዳ በባዶ አፉ አይሸኝም፤ ጀበናው ተጣደ። ሁሉም ዓይኑን እየጠረገ፣ ገሚሱ እየሳቀ፣ ገሚሱ የተቋረጠ ለቅሶ እየቆጨው ተቀመጠ። ነጠላውን ለምን እንደገለበጠችው ተጠየቀች፣ ተናገረች። ሼሁ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ፤ የነጠላውን ጫፍ ወደ ብርሃን ሳብ አድርገው አዩና «ይቺማ ቡና ናት» አሉ። ቄሱ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሙቅ ውሃ ሞክረሽባታል?»